የኩሬው ዳር ቄጤማ

ባለፈው ቅዳሜ ጋራዡን ስናጸዳ ያቺን አሮጌ መቀስ ከመሣሪያ ሣጥኑ አውጥተህ ወደ ቆሻሻው ከረጢት ልትወረውራት ስትል እጅህን ያዝኩህ። «ዝጋለች እኮ፤ ምን ያደርግልሻል?» አልከኝ። ተቀብዬህ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት። የሞተር ዘይትና የዝገት ሽታ ነበራት፤ ከሁለቱም ሥር ደግሞ፣ ምናልባት ራሴ የፈጠርኩት ይሆናል፣ የእርጥብ ቄጤማ ሽታ ሸተተኝ። አርባ ዓመት ሞልቶኛል፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ በሥራዬ ትልልቅ ሰዎች ፊት ቆሜ መናገር አያስፈራኝም። ያቺን መቀስ ሳይ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ ያውም ጥፋቷን የደበቀች ልጅ።

አንተ ያኔ ነበርክ፤ ብቻ እማዬ ሆድ ውስጥ ነበርክ። እዚህ ከተማ ከተካሄደው የኦሎምፒክ ግርግር ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ይህን የፓይን ሌኩን ቤት ገና አልገዛንም፤ ክላርክስተን፣ ሁለት መኝታ ያለው አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። አባዬ አገር ቤት የመንገድ ቀያሽ ነበር። እዚህ ግን ለከተማው መናፈሻዎች በወቅት የሚቀጠር አትክልተኛ ነበር። በወቅት መቀጠር ማለት በጸደይ ትገባለህ፣ ብርድ ሲመጣ ደህና ሁን ትባላለህ ማለት ነው። ኢንሹራንስ የለውም። በዚያ ዓመት አንድ ቋሚ ቦታ ተከፍቶ ነበር። እማዬ አንተን ይዛ ሰባተኛ ወሯ ገብቷል፤ እግሯ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ጀምሮ ያብጥ ነበር፤ ሐኪሙም የደም ግፊቷ በየሳምንቱ መታየት አለበት ብሏል። ቤታችን ውስጥ «ፐርማነንት»፣ ቋሚ ማለት ነው፣ የምትለዋ ቃል ከጸሎት ቀጥሎ የምትነሣ ነበረች። «ፐርማነንት ካደረጉኝ ከፈለግሽው ሐኪም ዘንድ ነው የምወስድሽ» ይላት ነበር አባዬ። እሷ ደግሞ «እሱ ያለው ይሆናል» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

እኔ እንደምታውቀኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ጭንቀታም ነኝ። አንተ አውሮፕላን ላይ ስትወጣ እስክታርፍ ድረስ እዚህ ሆኜ አብሬህ የምበርረው እኔ ነኝ። ያን ጊዜም የእማዬን እግር በዓይኔ እየለካሁ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው።

አባዬ የሚሠራበት መናፈሻ ከከተማዋ አሮጌ መናፈሻዎች አንዱ ነበር። በመሃሉ ኩሬ፣ ከኩሬው ወዲያ የሙዚቃ ባንድ የሚቆምበት ባለ ጣሪያ መድረክ፣ ዙሪያውን የብረት አጥር አለው። ታሪኩን የነገረን የአባዬ አለቃ ነው። ጡረታው የተቃረበ፣ እዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገ ጥቁር ሽማግሌ ነበር፤ ሲያወራ አይቸኩልም፤ አባዬ ሁሉንም እንዲረዳው ብሎ ይሁን ልማዱ ሆኖ አላውቅም። ቦታው ከመቶ ዓመት በፊት ቆሻሻ የሚጣልበት ሸለቆ ነበር አለን። የከተማው ምክር ቤት ገዛው፤ በበቅሎ እያስጋዘ ቀዩን አፈር አስቆፈረ፤ ምንጩን ገድቦ ኩሬ አደረገው። ችግኝ የሚፈላበት የመስታወት ቤት ሠራ። ዩኒፎርም ለብሶ ፊሽካ የሚነፋ ጠባቂ ቀጠረ፤ ሲመሽ ደወል ተደውሎ በሩ ይዘጋ ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ የብረት ሰሌዳ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ሣሩን መርገጥ፣ አበባ መቅጠፍ፣ ቅርንጫፍ መስበር ክልክል ነው ይላል። አባዬ ጽሑፉን እንደገና ቀለም ሲቀባው ፊደሎቹን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ስለዚህ አላወቅኩም ማለት አልችልም።

በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ ከአንድ አሮጌ መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ ላይ የተሳለ የመጀመሪያው ፕላን ተገኘ። ከተማውም የኩሬውን ፊት ለፊት ያኔ እንደተሠራው አድርጎ ሊመልሰው ወሰነ፤ በግንቦት ባለሥልጣናት ባሉበት እንዲመረቅ ቀን ተቆረጠ። ችግሩ፣ ከሠራተኞቹ መካከል ያን ፕላን የሚያነብ አልነበረም። አባዬ አነበበው። ቀያሽ አይደል? ካስማ ተክሎ፣ ገመድ ወጥሮ፣ ተንበርክኮ እየለካ፣ በጨርቁ ላይ የተሳለውን የኮከብ ቅርጽ ያለው መደብ መሬት ላይ አወረደው። ኮከቡ በቀይና በብርማ ቅጠሎች ተሞላ። ኩሬውን ዙሪያውን የሚከብበው ደግሞ ቁመቱ እኩል የሆነ፣ ክንድ የሚያህል ስፋት ያለው የቀጭን ሣር ጥልፍ ነበር። የሣሩ ችግኝ በመስታወት ቤቱ በሣጥን በሣጥን ሲደርስ አባዬ አንዱን ሣጥን ወደ ቤት አመጣውና በረንዳችን ላይ አስቀመጠው።

«እይው፤ የእኛው ቄጤማ የአክስት ልጅ ነው» አለኝ።

መቀሷን የሰጠው አለቃው ነበር። ባለሁለት ምላስ ሆና ከኋላ እንደ ቀስት የታጠፈች፣ የበግ ጠጉር መሸለቻ ናት፤ ድሮ እንደነዚህ ያሉ ጥልፎች የሚስተካከሉት በእሷ ነበር አሉ። አባዬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አስተማረኝ። «ከሥሩ ከቆረጥሽው ይበሰብሳል፤ አራት ጣት አስቀሪለት፤ በሳምንቱ ይመለሳል» አለና አራት ጣቱን አፈሩ ላይ አጋደመ። እኔም በግራ እጄ፣ ምላሴን አውጥቼ፣ ሽርክ ሽርክ አደረግኩት። አጎንብሶ አየውና ሳቀ። «የሰው ሁሉ ቁርጥ ወደ አንድ ወገን ይጋደማል፤ የግራኟ ልጄ ብቻ ወደ ሌላ» አለ። ከዚያ በኋላ አባዬ እንደዚያ ሲስቅ እስካየው ብዙ ጊዜ አለፈ።

እንግዲህ ግንቦት ልደታ መጣች። መቼም ቤት ውስጥ አትከበርም፤ ንፍሮው ቤት ይቀቀላል እንጂ የሚበላው ደጅ፣ ከዛፍ ሥር ነው። ባለፈው ዓመት የሰፈራችን ሴቶች ከመኪና ማቆሚያው ጎን ባለው ሣር ላይ ተቀምጠው የአፓርትመንቱ ማኔጀር አባርሯቸው ነበር። ስለዚህ ጎረቤታችን፣ ሚኒቫን የነበራት፣ ከሦስተኛ ፎቅ ስታወራ ምድር ቤት የሚሰማ ድምፅ ያላት ሴት፣ «ዘንድሮ አባትሽ የሚሠራበት ፓርክ ነው የምንሄደው፤ ማን ከልክሎን» አለች። ይህን ያለችኝ ዋዜማውን፣ በራችን ላይ ቆማ ነው። እማዬ ተኝታ ነበር፤ አባዬ ከሥራ አልገባም።

«ሣሩን ነው ያጣሁት» አለች። «ባዶ መሬት ላይ ልደታን? ነውር ነው።»

«እዚያ ቄጤማ አለ» አልኳት። «ኩሬውን በሙሉ ዞሮታል። አባዬ ራሱ ነው የተከለው።»

«እውነተኛ ቄጤማ?»

«እውነተኛ።»

«አባትሽ ይፈቅዳል ታዲያ?»

«ፈቅዷል» አልኳት።

ለምን እንዳልኩ ስንት ጊዜ አስቤበታለሁ መሰለህ። የሌሎቹ ልጆች አባቶች ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ፓርኪንግ ይጠብቁ ነበር፤ ሥራቸው የትም ሄዶ የሚታይ አልነበረም። የእኔ አባት ግን ሰው መጥቶ የሚያየው ነገር ሠርቷል፤ እኔም ሴቶቹ ሁሉ እንዲያዩት ፈለግኩ። ጉራ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አባዬ በማግስቱ ቅዳሜ ከከተማው ማዶ ባለው ሌላ የመስታወት ቤት ነበር የሚውለው። ከወጣ በኋላ መቀሷን ከበረንዳው አንሥቼ በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

ቀኑ ጠራራ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለብሰው ትልቁ ኦክ ዛፍ ሥር ወረዱ፤ እማዬን መድረኩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ጎረቤታችን በጣቷ ወደ ኩሬው እያሳየች «በይ ግራኟ፣ ሂጂ አምጪልን» አለችኝ። ገና እግሬን ሳነሣ መጨነቅ ጀመርኩ። አባዬ እንዴት እንደሚያየው በዓይነ ሕሊናዬ መጣብኝ። ተመልሼ «ያንን አይቆርጡትም አሉ» ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ቀድማኝ «የመንግሥት ሣር ነው፤ ማን ይቆጥረዋል» አለች። አባዬ ቆጥሮታል ልላት ነበር። መቀሷን ይዤ ወደ ኩሬው ወረድኩ።

ከመታጠፊያው ወዲያ፣ እማዬ ከማታየኝ ቦታ ተንበረከክኩ። አንድ እፍኝ ብቻ ነበር ያሰብኩት። አራት ጣቴን አጋድሜ ሽርክ አደረግኩ። እጄ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ወረደ። ሽታውን አትጠይቀኝ፤ ውሃ፣ ጭቃና ሐብሐብ የተቀላቀለበት ነበር። እፍኙን ይዤ ስመለስ «ይሄ ለማን ይበቃል?» አሉኝ። እንደገና ሄድኩ። እንደገናም። በመጨረሻ ቀና ብዬ ሳይ በጥልፉ መሃል አንድ አውቶቡስ የሚያቆም ክፍተት ተከፍቷል።

እማዬ «ከየት ነው ያመጣሽው?» አለችኝ።

«ከማዶ። ከዱሩ።»

ሁለተኛው ውሸት ነው። እሷም አመነችኝ፤ ወይም ያመነች መሰለኝ። ጫማዋን አውልቃ ያበጡትን እግሮቿን ከአግዳሚው ሥር በጎዘጎዝንላት ቄጤማ ላይ አሳረፈቻቸውና ዓይኗን ጨፍና «እፎይ» አለች። «ቀለለኝ፤ እሰይ፤ እንዴት ይቀዘቅዛል።» ከስንት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ሲፈታ አየሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ፊት ለማየት ሌላም አውቶቡስ የሚያህል በቆረጥኩ ነበር። ንፍሮ ተበላ፤ ጸሎት ተደረገ፤ ላንተም በሰላም መውጣት ተለመነ። አንድ ውሻ የሚያናፍስ ሰው ቆም ብሎ አይቶን አለፈ። ስንሄድ ቄጤማው እዚያው ቀረ። ማን ያነሣል፤ ደርቆ መሬት ይሆናል ተባለ።

መቀሷን ጠርጌ ወደ ቦታዋ መለስኩ። እሑድ እጄን ስንቴ እንደታጠብኩ አላስታውስም፤ ሽታው ግን አልለቅ አለኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አባዬ አጠገቤ ሲቆም እጄን ከነጠላዬ ሥር ደበቅኩ። ሰኞ ትምህርት ቤት ምን እንደተማርን አላውቅም። ምረቃው ቅዳሜ ነው። አምስት ቀን። ቄጤማው በአምስት ቀን ስንት ጣት ያድጋል እያልኩ ደብተሬ ጠርዝ ላይ መስመር እሰምር ነበር።

አባዬ ሰኞ ማታ ገብቶ እጁን ታጠበና ራት ቀረበ። «ቄጤማውን ቆርጠውታል» አለ፣ ሳህኑን እያየ። የእማዬ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ ቆመ። እኔን አየችኝ። እኔ ምግቤን አየሁ። አባዬ ደግሞ ቶሎ ብሎ «አለቃዬ ዝይዎቹ ናቸው ይላል» ሲል ጨመረ። ዝይ እንኳ በዚያ ኩሬ ሞልቶ ነበር። እማዬም «ዝይ ይበላዋል ማለት ነው?» ብላ ጉርሻዋን ጎረሰች። እኔ አመኑ ብዬ ተነፈስኩ። ልጅ የሚመቸውን ነው የሚያምነው።

ረቡዕ አባዬ ትምህርት ቤት መጥቶ ወሰደኝ። የመናፈሻዎቹ ቢሮ ተጠርቷል፤ ለሥራው የሚበቃ እንግሊዝኛ ነበረው፤ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ነገር ሲሆን ግን እኔ ካልተረጎምኩለት አያምንም። መኪናው ውስጥ «ስለ ምንድን ነው?» አልኩት። «ስለ ቄጤማው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በሙሉ ቀይ መብራት የሆነብኝ ይመስለኛል።

የቢሮው ኃላፊ ክፉ ሴት አልነበረችም። ጠረጴዛዋ ላይ ካለው ሳህን ከረሜላ ሰጠችኝ፤ አፌ ደርቆ ስለነበር እስክንወጣ ድረስ አልሟሟ አለኝ። ውሻ የሚያናፍሰው ሰው ደውሎ ኖሯል፤ ነጭ የለበሱ የውጭ አገር ሴቶች ቅዳሜ ኦኩ ሥር ሣር አንጥፈው ነበር ብሏል። ኃላፊዋም አባዬ ሴቶቹን ያውቃቸው እንደሆነ፣ ቄጤማውን ማን እንደቆረጠው ያውቅ እንደሆነ እንድጠይቀው ነገረችኝ። ማንነታቸው ከታወቀ ከመናፈሻው ይታገዳሉ አለች።

ጠየቅኩት። አባዬ ወደ እሷ አልተመለከተም። ወደ እኔ ነው የተመለከተው፤ ረጅም ጊዜ።

«እኔ ነኝ በያት» አለኝ። «እንዲበዛ ብዬ ቆረጥኩት፤ ሴቶቹ የወደቀውን ነው ያነሡት በያት።»

«አባዬ…»

«እንዳልኩሽ ንገሪያት። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

ያኔ መናገር እችል ነበር። ሁለት ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ሁለት ቃል ነው። ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል፤ አባዬ ዓይኑን አልነቀለም። እኔም አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። አንድ ስሕተት ሳይኖርበት፣ አባቴ ያለውን ተረጎምኩላት። እንግሊዝኛዬ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም።

እሷም ጻፈች። የጸደቀ ፕላን ያለ ፈቃድ መለወጥ አይቻልም፤ ፋይሉ ላይ የጥፋት ማስታወሻ መያዝ አለብኝ አለች። ቋሚው ቦታ ደግሞ በዚህ ወር የሚሰጠው ማስታወሻ ለሌለበት ሰው ነው። «በጣም አዝናለሁ፤ ሥራውን እንደሱ የሚያውቅ የለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን እናየዋለን» ብላ እንድነግረው ለመነችኝ። ይህንንም ተረጎምኩለት። አንገቱን ነቀነቀና ባርኔጣውን አንሥቶ ቆመ።

መኪናው ውስጥ ገባንና ቁልፉን ሰካ። ይቆጣኛል፣ ይጠይቀኛል፣ አንድ ነገር ይለኛል ብዬ የበሩን እጀታ ጨብጬ ጠበቅኩ።

«ጥሩ አድርገሽ ተርጉመሻል» አለኝ። ከዚያ ሄድን።

ዓርብ እማዬ እግሯ ብሶባት ከትምህርት ቤት ልታመጣኝ ስላልቻለች አባዬ ራሱ ወስዶኝ ወደ መናፈሻው ይዞኝ ሄደ። እሱና አለቃው ተንበርክከው የቀረውን ጥልፍ በሙሉ፣ ኩሬውን አንድ ዙር እስኪጨርሱ፣ እኔ የቆረጥኩት በደረሰበት ቁመት አስተካከሉት። ላብ ከአገጫቸው ይንጠባጠብ ነበር። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን እበላለሁ። አለቃው ወገቡን ሊያሳርፍ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ይህን ኩሬ በበቅሎ ከቆፈሩት ሰዎች አንዱ አያቴ ነበር» አለኝ። «እዚህ እንዲቀመጥ ግን አይፈቀድለትም ነበር፤ ለጥቁር አይፈቀድም። እሑድ እሑድ ባንዱን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር የሚሰማው።» ቀጥሎ ወደ ኦክ ዛፉ ተመለከተ። «ሴቶች ነጭ ለብሰው እዚያ ሥር ተቀመጡ ሲሉኝ እሱን ነው ያሰብኩት። ቢያይ ደስ ይለው ነበር።»

ሊነሣ ሲል ጉልበቱን ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዝይ መቼም እንዲህ አስተካክሎ አይቆርጥም» አለኝ። አልሳቀም፤ አልተቆጣም። እኔ ግን ያን ማታ ራቴን አልበላሁም። አለቃው ካወቀ አባዬም ያውቃል ማለት አይደል? ወዲያው ደግሞ፣ ቢያውቅ ይናገረኝ ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። አባዬ ነገር በሆዱ የሚይዝ ሰው አይመስለኝም ነበር።

ቅዳሜ ባለሥልጣናቱ መጡ፤ ባንዱ ነፋ፤ ሪባኑ ተቆረጠ። ኮከቡ እንደ ፕላኑ ሆኖ፣ ጥልፉም እኩል ሆኖ ኩሬውን ከብቦት ነበር። ጉድለቱን ያየ ማንም የለም። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ቋሚው ቦታ ለአንድ ወጣት ተሰጠ፤ ጥሩ ልጅ ነበር፤ አባዬ ራሱ አሠልጥኖታል።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ክረምት ባልነግርህ እመርጣለሁ። እማዬ ለነፃው ክሊኒክ ከማለዳ ጀምራ ተሰልፋ፣ ግፊቷ ሳይለካ የምትመለስበት ቀን ነበር። በተመለሰች ቁጥር የማየው እግሯን ነው። አንድ ነገር ብትሆን በእኔ ነው እል ነበር፤ እሷ ብቻ አይደለችም፣ አንተም። የሆነውን ለማንም ስላልነገርኩ የሚያጽናናኝም አልነበረም። በሐምሌ ወር፣ ሰባት ፓውንድ ሆነህ፣ እየጮህክ፣ እጅህን ጨብጠህ ስትመጣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ሁሉም ሰው ወንድም ስላገኘች ነው አለ። እንደዚያም ነበር፤ ግን ብዙው ሌላ ነበር።

አባዬ ፐርማነንት የሆነው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቀጥሎ ይህን ቤት ገዛን። ገና ዕቃ ሳንፈታ ከኋላ ባለው ቦይ ዳር ቄጤማ ተከለ፤ አንተ በዳይፐር ጭቃው ላይ ተቀምጠህ ስትበጠብጥ አስታውሳለሁ። «ይሄ የማንም አይደለም፤ የቤት ነው። ከዚህ ነው የሚቆረጠው» አለኝ። ግንቦት ልደታ በደረሰች ቁጥር መቀሷን ቀብቶ፣ ስሎ፣ እጀታዋን ወደ እኔ አዙሮ ይሰጠኛል። «በይ ቁረጪ፤ እጅሽ ጥሩ ነው» ይለኛል። ከዚያ ወንበሩን አምጥቶ ይቀመጥና ያየኛል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንኳ ለልደታ እመለስ ነበር። ሥራ ይዤ፣ አግብቼ፣ ወልጄ መጥቻለሁ። ሁልጊዜ እዚያው ወንበር ላይ ነው። አንዳንዴ ቆርጬ ስጨርስ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብሎ ያየኝ ነበር። እኔም በየዓመቱ ዘንድሮ እነግረዋለሁ ብዬ እመጣለሁ፤ ሽታው ሲመጣ ግን ቄጤማውን ታቅፌ ወደ ውስጥ እገባለሁ።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው ካረፈ። አርባውን ያወጣን ዕለት፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ፣ አንተ ካህናቱን ለማድረስ ወጥተህ ነበር፤ እማዬና እኔ ሳህን ስናጥብ ነገርኳት። ሃያ ስንት ዓመት የያዝኩትን ነገር፣ እጄ ሳሙና ውስጥ ሆኖ፣ በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ሳህኑን ማድረቋን አላቆመችም።

«እሱማ የዚያኑ ሰኞ ነው ያወቀው» አለችኝ። «ቁርጡ ወደ ግራ የተጋደመ ነው፤ የልጄ እጅ ነው አለኝ። አራት ጣትም አስቀርታለች፤ እንዳስተማርኳት ነው የቆረጠችው አለ። ደስ ያለው ሁሉ ይመስል ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለኝ?»

«እኔ ልጠይቃት ስለው እምቢ አለኝ። ራሷ ትነግረኛለች፣ ተያት አለ። በየዓመቱ ለልደታ መቀሷን ሲስል ዘንድሮ ትነግረኛለች ይለኝ ነበር።»

እኔ እንዳያውቅብኝ ስፈራ ኖርኩ፤ እሱ ደግሞ እስክነግረው ሲጠብቅ ኖረ። ሁለታችንም በአንድ ጓሮ፣ በአንድ ቄጤማ ፊት። ብነግረው ምን ይለኝ እንደነበር አሁን አውቀዋለሁ፤ ምንም አይለኝም ነበር፤ ይስቅ ነበር፤ ያን የበረንዳውን ሳቅ። ያስቀረሁበት ያን ነው።

ለዚህ ነው እጅህን የያዝኩህ። መቀሷን ዘይት ቀብቻታለሁ፤ ዝገቷም ለቀቅ ብሏል። ሰኞ ልደታ ናት። ዘንድሮ አንተ ቁረጥ፤ እኔ ወንበሩን አምጥቼ እቀመጣለሁ። አራት ጣት ማስቀረት አትርሳ። አንተ የምትቆርጠው በቀኝህ ነው፤ ቁርጥህ ወደ ሌላው ወገን ይጋደማል። አባዬ ቢኖር ኖሮ ገና ከበሩ ሲገባ የማን እጅ እንደሆነ ያውቀው ነበር።